ስክሪኑ ተበላሽቶ ሻጩ «አይመለስም» ሲል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መስመሯ አረንጓዴ ናት። ከፀጉር አትወፍርም። ከስክሪኑ አናት እስከ ታች ወርዳለች፤ ከቀኝ ጠርዝ አራት ጣት ያህል ገባ ብላ። ሞኒተሩን ከገዛሁ ገና 3 ቀኔ ነበር። መጀመሪያ አቧራ መስላኝ በእጅጌዬ ጠረግኳት። አልጠፋችም። ውሎዬ ሠንጠረዥና ቁጥር ላይ ስለሆነ፣ መስመሯ የአምድ ድንበር እየመሰለችኝ ስሳሳት ዋልኩ።

በማግስቱ መልሼ ወሰድኩት። ሱቁ ውስጥ ከካሸሯ ጀርባ ሁላችንም የምናውቀው ማስታወቂያ ተለጥፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ሻጩ ልጅ ሞኒተሩን ሳያበራው «መብራት መቶት ነው ወንድሜ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እስኪያልቅ 10 ቀን ፈጀ። እኔ የሠራኋቸውን ስህተቶች፣ ከዚያ ወዲህም ወዳጆቼ ሲሠሯቸው ያየኋቸውን አንድ በአንድ ልንገራችሁ። ሌላ ሰው በዚህ እንዲንገላታ አልፈልግም።

ሱቅ ውስጥ ሳያበሩ መውጣት

«አዲስ ነው፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም፣ ምኑ ይፈተሻል?» ይባላል። ይፈተሻል እንጂ! ያልተከፈተ ካርቶን የሚነግራችሁ ማንም እንዳልነካው ነው። ከመርከብ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ መጋዘን ሲወጣ ሲወርድ ምን እንዳገኘው አይነግራችሁም።

ፍላሽ ላይ 5 ሥዕል ይዛችሁ ሂዱ፦ ሙሉ ጥቁር፣ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊ። እያንዳንዱ ስክሪኑን ሞልቶ ይታይ። ነጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ካያችሁ የሞተ ፒክስል (ሥዕሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች አንዱ) ነው። ጥቁሩ ላይ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ በርታ ከቆየች ደግሞ አልጠፋ ያለች ፒክስል ናት። በዚያው በጥቁሩ ጠርዝ ጠርዙን እዩ፤ ከጀርባ የሚያበራው መብራት በአንድ በኩል እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሁሉም ተደምሮ 5 ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ነጥቦቹ አንድ ነገር ልጨምር። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። ብዙ አምራቾች አንድ ሁለት የሞተ ነጥብ ስላለ ብቻ ዕቃውን አይለውጡም። አይኤስኦ 9241-307 የሚባለው ዓለም አቀፍ መለኪያም ስክሪኖችን በደረጃ ከፍሎ፣ እንደየደረጃቸው የተወሰነ ነጥብ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአንዲት ነጥብ የተነሣ ቤት ከገባችሁ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። ሱቁ ውስጥ ሳላችሁ ግን «ሌላ አውጣልኝ» ማለት ብቻ ይበቃል። እንደ እኔ ዓይነት መስመር ከሆነ ግን ብልሽት ነው፤ ለክርክርም አይመችም።

ስላሽ (ያገለገለ ዕቃ) የምትገዙ ከሆነ ፍተሻው እጥፍ ይሁን። «አይተህ አይደል የገዛኸው?» የሚለው መልስ እዚያ ጉልበት አለው።

ለቅናሽ ብሎ ደረሰኝ መተው

«በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይህን ጥያቄ ያልሰማ የአዲስ አበባ ሸማች ያለ አይመስለኝም። ያለ ደረሰኝ ከሆነ 15 በመቶው ቫት ይቀርላችኋል። ለጊዜው ጥሩ ይመስላል። ዕቃው ተበላሽቶ ስትመለሱና «ከእኛ መግዛትህን በምን ልወቅ?» ስትባሉ ግን የምታሳዩት የላችሁም። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ውለታ እየዋለላችሁ አይደለም።

ደረሰኙን ከተቀበላችሁ በኋላም ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ ከካሽ ሬጅስተር የሚወጣው ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ እየቆየ ይደበዝዛል። ዕለቱን ፎቶ አንሡት። ሁለተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ሞኒተር» ተብሎ ብቻ ነው። ሞዴሉንና ሲሪያል ቁጥሩን በጀርባው ጽፈው ማኅተም እንዲያደርጉበት ጠይቁ። እኔ አልጠየቅኩም ነበር፤ በኋላም «ይህ የእኛ ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ?» ተብዬ ተጠይቄያለሁ።

በቴሌብር ወይም በባንክ የምትከፍሉ ከሆነም ወደ ድርጅቱ ሒሳብ ይግባ። በሠራተኛው የግል ስም የተላከ ብር ለሱቁ መከፈሉን ማስረዳት ሌላ ጣጣ ነው።

ካርቶኑን መጣል

ቤት ጠባብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ቢያንስ አንድ ወር አቆዩት። ስታይሮፎሙ፣ ኬብሉ፣ ላስቲኩ ሁሉ እዚያው ይግባ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሲሪያል ቁጥር ከሞኒተሩ ጀርባ ካለው ጋር መግጠሙን እዩ። በታክሲ ወደ ሱቅ መልሳችሁ ስትወስዱትም ያለ ካርቶኑ አደጋ ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለዩ መሄድ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸነፋል። ሻጩ «ኮምፒውተርህ ነው» ወይም «ኬብልህ ነው» ሲል መልስ ከሌላችሁ ተያይዛችሁ ትመለሳላችሁ። መለየቱ ግን ቀላል ነው።

መጀመሪያ ስክሪንሾት አንሡና ወደ ስልካችሁ ልካችሁ ክፈቱት። መስመሩ እዚያ ላይ ከሌለ ኮምፒውተሩ የላከው ሥዕል ደህና ነው ማለት ነው። ቀጥሎ ራሱ ሞኒተሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ የብርሃንና የቀለም ማስተካከያ ሜኑውን ክፈቱ። ይህን ሜኑ የሚሥለው ሞኒተሩ ራሱ ነው፤ ከኮምፒውተሩ አይመጣም። ወደ ብልሽቱ ቦታ ማስጠጋት የሚቻል ከሆነ አስጠጉት። መስመሩ ሜኑውንም ሰንጥቆት ካለፈ ነገሩ አለቀ። በመጨረሻ ኬብሉን ቀይሩ፤ ከተቻለ በጎረቤት ላፕቶፕ ሞክሩት።

ብልሽት የሚመስል ግን ብልሽት ያልሆነም አለ። ፎርኬ (4K) የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ያለው ስክሪን በድሮ ኤችዲኤምአይ ከተሰካ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚታደሰው፤ ማውሱ ይጎተታል። ያ የኬብሉና የኮምፒውተሩ ጉዳይ ነው። በሌላ በኩል ስክሪኑ ጭልም ብሎ የኃይል መብራቱ ብቻ ከበራ፣ ክፍሉን አጨልማችሁ የስልክ ባትሪ አስጠግታችሁ አብሩበት። ሥዕሉ በጭላንጭል ከታያችሁ የሞተው የጀርባ መብራቱ ነው።

እኔ ሜኑውን ከፍቼ መስመሯ ስትሰነጥቀው አሳየሁ፤ ከዚያ ካሜራውን ሳላቋርጥ ሞኒተሩን አዙሬ ሲሪያል ቁጥሩን ቀረጽኩ። 40 ሰከንድ የማይሞላ ቪዲዮ ነው። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ እሱ ሆነ። የቀረጽኩት ግን በ11ኛው ቀን ነው፤ በ3ኛው ቀን መቅረጽ ነበረብኝ።

«መብራት መቶት ነው» ሲባል ዝም ማለት

መብራታችን እንደሚሄድና እንደሚመጣ ሁላችንም ስለምናውቅ ይህ መልስ አፍ ያስይዛል። እኔም ዝም ብዬ ቀረሁ። የኤሌክትሪክ መዋዠቅ ብዙውን ጊዜ የሚያቃጥለው አዳፕተሩን ወይም የኃይል ቦርዱን ነው። ያን ጊዜ ስክሪኑ ጭራሽ አይበራም። ቀጥ ብላ የወረደች አንዲት መስመር ግን ብዙ ጊዜ የምትመጣው ፓኔሉ (ሥዕሉ የሚታይበት ክፍል) ጠርዝ ላይ ከተለጠፈው ቀጭን ማገናኛ ነው። ይህን ረጋ ብላችሁ ተናገሩ። «የመታው ከሆነ በጽሑፍ ስጡኝ» ብላችሁም ጠይቁ። ሳያበራ ፍርድ የሰጠ ሰው በፊርማው ለማረጋገጥ ያመነታል።

ስታቢላይዘር ወይም ዩፒኤስ ላይ የሰካችሁ ከሆነ ደግሞ ያንንም በፎቶ ያዙ።

«ሰኞ ተመለስ» በሚል 15 ቀኑን ማስበላት

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ይህ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች፣ ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ «አይመለስም» ይህን መብት አይሽረውም። ልብ በሉ፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከገዛችሁበት ዕለት ነው፤ ብልሽቱን ካያችሁበት አይደለም። የተለየ የዋስትና ወረቀት ካላችሁ ደግሞ እሱ የሚሰጣችሁ ተጨማሪ ጊዜ በቦታው አለ።

አሁን የእኔን ቀን ቁጠሩልኝ። በ4ኛው ቀን «ቴክኒሻን ይየው» ተባልኩ፤ ሞኒተሩን እዚያው ትቼ ወጣሁ። በ6ኛው ቀን «ቴክኒሻኑ ክፍለ ሀገር ነው»። በ8ኛው «ባለቤቱ የለም፣ ሰኞ ተመለስ»። ሰኞ ማለት 11ኛው ቀን ነው። በትሕትና ነው የሚያናግሩህ፤ ቡና እንኳ ጋብዘውኛል። እኔም ክፉ መሆን አልፈለግኩም። ግን ቀኑ ይሄዳል።

ሌላው ጥፋቴ ደግሞ ሞኒተሩን ያለ ወረቀት መተዌ ነው። «ለምርመራ ተረክበናል» የሚል፣ ቀኑና ሲሪያል ቁጥሩ የሰፈረበት፣ የተፈረመበት ብጣሽ ወረቀት በቂ ነበር። ያለ እሱ በየትኛው ቀን እንደመለስኩት ማስረዳት አልችልም። በ11ኛው ቀን ሞኒተሩን መልሼ ወሰድኩ፤ ማንም አልነካውም፤ ካርቶኑን የዘጋሁበት ፕላስተር እንዳለ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ገዢ ዕቃውን ዕድሉን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ዛሬ ነገ እያሉ መቆየት በሁለቱም በኩል ይጎዳችኋል።

ራስ መክፈት ወይም ሰፈር ጠጋኝ ጋ መውሰድ

አታድርጉት። የፋብሪካው ማሸጊያ ከተቀደደ «ተነካክቷል» ተብሎ ይዘጋል። ጠርዙን በጣት መጫንም አለ፤ መስመሩ ለደቂቃ ይጠፋና ፓኔሉን ጨርሳችሁ ትሰብሩታላችሁ።

«አስመጪውን ጠይቅ» ሲባል መሄድ

ገንዘባችሁን የተቀበለው ሻጩ ነው፤ ደረሰኙ ላይ ያለው ስምና ቲን ቁጥርም የእሱ ነው። እሱ ከአስመጪው ጋር ያለውን ነገር ራሱ ይጨርስ። አውሮፓ ያላችሁ ወገኖችም ይህን ትሰማላችሁ፤ «አምራቹን አናግር» ይሏችኋል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ግን ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለ፤ ተጠያቂውም ሻጩ ነው። በኢንተርኔት ከገዛችሁ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በዘመድ የሚመጣ ሞኒተር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ዋስትናው ብዙ ጊዜ ከተገዛበት አገር አይወጣም።

ተናድዶ ቲክቶክ ላይ መውጣት

ንዴቱ ይገባኛል። እኔም ስልኬን አውጥቼ ነበር። ግን ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ሱቁ ከእናንተ ጋር የሚነጋገርበት ምክንያት አይኖረውም። ስም ማጥፋትም በሕግ ያስጠይቃል። ካሸሯ ላይ መጮህም አያዋጣም፤ ውሳኔው የእሷ አይደለም። የሚወስነውን ሰው ስም ጠይቃችሁ እሱን ጠብቁ።

ሁሉንም በቃል ማድረግ

በ11ኛው ቀን ማታ ቪዲዮውን ከቀረጽኩ በኋላ አንድ ገጽ ጻፍኩ። ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ነው። የገዛሁበት ቀን፣ የደረሰኙ ቁጥር፣ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ፣ መስመሯን ያየሁበት ቀን፣ በየትኞቹ ቀናት መጥቼ ምን እንደተባልኩ። ከዚያም፦ «በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃው እንዲለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። በ3 ቀን ውስጥ ምላሽ ካላገኘሁ ለክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አቀርባለሁ።» ስድብ የለበትም፣ ማስፈራሪያም የለበትም። በ2 ቅጂ አተምኩት። በ12ኛው ቀን አንዱን ሰጥቼ ሌላው ላይ «ደርሶናል» አስብዬ አስፈረምኩ።

ልጁ መጀመሪያ መፈረም አልፈለገም። «ካልፈረምክ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት እልከዋለሁ» አልኩት። ገባና ተማክሮ መጣ፤ ፈረመ።

በ14ኛው ቀን ተደወለልኝ። ሥራ አስኪያጇን ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት። ደብዳቤው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ቪዲዮውን አሳየኋት፤ ሜኑው ላይ ስትደርስ አቁማ ሁለተኛ አየችው። ከዚያ ልጁን ጠርታ «ከላይ አዲስ አውርድለት» አለችው።

ልጁ ካርቶኑን ሲከፍት ፍላሼን አወጣሁ። ነጩን አየን፣ ቀዩን አየን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውን። ጥቁሩ ላይ ስንደርስ እሱ ራሱ መብራቱን አጥፍቶ መጣና፣ ከጎኔ ጎንበስ ብሎ ጠርዝ ጠርዙን ማየት ጀመረ።