ከልምምድ በኋላ ስንት ውሃ? ሚዛኑን ጠይቁት

ልጃችሁ በትምህርት ቤቱ ቡድን ይሮጣል ወይ ኳስ ይጫወታል? ከልምምድ ሲመለስ ራሱን እያመመው፣ ድክም ብሎት እየተጋደመ «ውሃማ ጠጥቻለሁ» የሚላችሁ ከሆነ ይቺን ሞክሯት። ከልምምድ በፊት ሽንት ቤት ገብቶ ይውጣና በቀላል ልብስ ይመዘን። ሲጨርስ ላቡን በፎጣ አድርቆ፣ የረጠበውን ልብስ ቀይሮ እንደገና ሚዛን ላይ ይውጣ። 1 ኪሎ ከቀነሰ በግምት 1 ሊትር ፈሳሽ ወጥቶታል ማለት ነው፤ በአንድ ልምምድ ስብ እንዲህ አይቀልጥም፣ የጠፋው ከሞላ ጎደል ላብ ነው (ስለዚህ «ከሳሁ» ብሎ ደስ የሚለው ካለ እንዳይሸወድ)። በመሃል የጠጣውንም ደምሩበት፤ ግማሽ ሊትር ጠጥቶ 1 ኪሎ ከጎደለ ያላበው 1 ሊትር ተኩል ገደማ ነው።

በየቀኑ መመዘን አያስፈልግም። አንድ ሁለት ሞቃት ቀን፣ አንድ ቀዝቃዛ ቀን ከለካችሁ ስንት ኮዳ ይዞ መሄድ እንዳለበት ታውቁታላችሁ። የጎደለውን ግን በአንዴ አይገልብጠው፣ ከምግብ ጋር ቀስ እያለ በሰዓታት ውስጥ ይተካው። ጭራሽ ክብደቱ ጨምሮ ከተገኘ ከሚገባው በላይ እየጠጣ ነውና ይቀንስ፣ እሱም አደጋ አለው።

ስለ ክብደቱ የሚጨነቅ ወይ ምግብ የሚዘል ልጅ ከሆነ ግን ሚዛኑን ተዉት። ለሱ የሽንቱን ቀለም ማየት ይበቃዋል፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ደህና ነው፣ ከጠቆረ ይጠጣ።