የወሎን ኦፓል እንዴት መርጠን እንግዛ፣ እንዴትስ እንያዘው?

ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ገዝተው በሳምንቱ «ቀለሙ ጠፋብኝ» ብለው የሚያዝኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ብዙውን ጊዜ ግን ድንጋዩ አልተበላሸም፤ ውኃ ጠጥቶ ነው። በወሎ ደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ካሉት ገደሎች የሚወጣውና እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው ኦፓል ውኃ የመምጠጥ ጠባይ ስላለው፣ ሲርስ እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይሰወራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይመለስለታል።

ቀለሙ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ለመምረጥ ይረዳል። ኦፓል ሲሊካ (በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማዕድን) እና ውኃ ነው። በውስጡ ያሉት፣ መጠናቸው ከ150 እስከ 300 ናኖሜትር (አንዱ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ገደማ የሆኑ ኳስ መሰል ቅንጣቶች ሥርዓት ይዘው ሲደረደሩ ብርሃኑን ይከፋፍሉታል፤ ትንንሾቹ ሰማያዊ፣ ተለቅ ያሉት ደግሞ ቀይ ስለሚያሳዩ ድንጋዩ በተገላበጠ ቁጥር ቀለሙ ይፈራረቃል። ቀይ የሚያሳየው ከሌሎቹ ይልቅ ብርቅ በመሆኑ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ሲገዙ ድንጋዩን ደረቅ ሆኖ ይዩት፤ ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ከሆነ እስኪደርቅ ይታገሡ፣ ምክንያቱም ውኃው ስንጥቅን ይደብቃል፣ ክብደቱንም ይጨምራል፣ ሽያጩም በካራት ነው፤ አንድ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ስለሆነ ጥቂት እርጥበት እንኳ ዋጋ አለው። ምንም ነገር ያልተቀባ ወይም ያልተጨመረበት ደረቅ ድንጋይ በምላስ ጫፍ ሲነኩት ምላስን ያዝ ያደርጋል። ከጎኑም ይመልከቱት፦ በቀጥታ መስመር የተለያየ ንብርብር ከታየ፣ ስስ ኦፓል ከሌላ ነገር ጋር በማጣበቂያ የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ኦፓል ሲቀርብልዎ በተለይ ይጠንቀቁ። የወሎ ኦፓል በጭስ ወይም በቀለም ሊጠቁር ስለሚችል፣ ተፈጥሯዊ ስለ መሆኑ በጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አያያዙ ላይ ጠበቅ ያለ ምክር አለኝ። ውኃ የሚጠጣ ድንጋይ ሌላውንም ይጠጣል፤ ውኃው ሲደርቅ ይወጣል፣ ቅባትና ቀለም ግን ውስጡ ይቀራሉ። ስለዚህ ፀጉር ቅቤ ሲቀባ የጆሮ ጌጡና ሐብሉ ይውለቁ፤ እንሶስላ ሲሞቅ፣ እርድ የገባበት ወጥ ሲሠራ፣ ሽቶ ሲረጭ ቀለበቱ ከጣት ይውጣ። ከራሰም ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ ማድረቅ ሊያሰነጥቀው ስለሚችል፣ በጥላ፣ በለስላሳ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ መተው ይበጃል፤ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። ጥንካሬው ጭረትን መቋቋም በሚለካው፣ ከ1 እስከ 10 ባለው የሞህስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ብቻ ሲሆን በአቧራ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ግን 7 ነው፤ በደረቅ ጨርቅ አጥብቆ መወልወል የሚጭረው በዚህ ምክንያት ነው። ለዘወትር ከሆነ ከቀለበት ይልቅ የአንገት ጌጥ ቢመረጥ ይሻላል እላለሁ።

ስለ ኦፓል የሚነገረውን ክፉ ዕድል ለሚፈሩም አንድ ነገር ልጨምር። ሮማውያን እንደ ብርቅ ነገር ያዩት ነበር፤ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደ ጻፈው ኖንዩስ የተባለው የምክር ቤት አባል ኦፓሉን ለኃያሉ የሮም መሪ ለማርክ አንቶኒ ከመስጠት ይልቅ ቀለበቱን ይዞ መሰደድን መርጧል። ፍርሃቱን በአውሮፓ በእጅጉ ያስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1829 የታተመው የዋልተር ስኮት ልብ ወለድ ነው፤ በዚያ ታሪክ ኦፓሉ ጠበል ሲነካው ቀለሙን ያጣል፣ ባለቤቱም ትሞታለች። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ለወሬው ሳትበገር ለሴት ልጆቿ ኦፓል ትሰጥ ነበር። ውኃ ሲነካው የሚደበዝዝ ድንጋይ በደላንታ ገደል ውስጥ በእርግጥ አለ፤ ጥቂት ቀን በጥላ ሲቀመጥም ቀለሙ ይመለሳል።