አረንጓዴዋን መብራት አትመኗት፦ የጂፒኤስ ሰዓት ሰርቨር ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የጂፒኤስ ሰዓት ሰርቨር፣ ማለትም ከሳተላይት ሰዓት ተቀብሎ ለኔትወርክ የሚያድለው መሣሪያ፣ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ተርሚናል ላይ የተሳሳተ ቁጥር ቢጽፉለት ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። ትእዛዙን ይቀበላል፣ አረንጓዴ መብራቱን ያበራል፣ ከዚያ የተዛባውን ሰዓት ለኔትወርኩ ሁሉ ያድላል።

ከሁሉም የሚያደክመው የአንቴናው ኬብል ነው። ምልክቱ ከጣሪያ ወርዶ መሣሪያው ጋ እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። በተለመደው ኮአክሲያል ኬብል በሜትር 5 ናኖሰከንድ ገደማ ነው። 30 ሜትር ከሆነ 150 ናኖሰከንድ መጣ ማለት ነው። አንዳንዱ ሰው መሣሪያው ላይ ይህ መዘግየት የሚሞላበትን ቦታ ዜሮ ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ይሞላዋል፣ ግን መለኪያውን ይስታል። አንዱ መሣሪያ ቁጥሩን በናኖሰከንድ ይፈልጋል፣ ሌላው በሰከንድ። ናኖሰከንድ ለሚጠብቅ መሣሪያ 0.00000015 ብለው ከሰጡት ዜሮ እንደሰጡት ነው። ፕላስና ማይነስም አለ። እነሱ ከተገለባበጡ የ150ው ስህተት 300 ይሆናል። ስለዚህ ልኮ ዝም ማለት አያዋጣም። በኤስሲፒአይ (መሣሪያዎች በጽሑፍ የሚታዘዙበት ቋንቋ) ትእዛዝ የሚሠራ መሣሪያ ከሆነ፣ ያንኑ ትእዛዝ ያለ ቁጥር፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገው ይላኩለት። የያዘውን ቁጥር ይነግርዎታል።

ቀጥሎ ፐልሱ። በየሰከንዱ አንዴ የሚመጣው ፐልስ (አጭር የኤሌክትሪክ ምት) አብዛኛውን ጊዜ ሰከንዱን የሚያበስረው ሲነሳ ነው። ሲወርድ እንዲያነብ ካዘዙት፣ በፐልሱ ስፋት ልክ ይዘገያሉ። ስፋቱ 100 ሚሊሰከንድ የሆነ ብዙ ነው። የሚያናድደው፣ ግራፉ ቀጥ ያለ፣ ቆንጆ ሆኖ ይታያል!

ደግሞ ፐልሱ «ሰከንድ ጀመረ» ይላል እንጂ የትኛው ሰከንድ እንደሆነ አያውቅም። ያንን የሚነግረው በሲሪያል ገመድ የሚመጣው ጽሑፍ ነው። እሱ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) ፍጥነት 80 ፊደል ለመላክ 83 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ክሮኒ በሚባለው የኮምፒውተር ሰዓት አስተካካይ ፕሮግራም ላይ ሁለቱን «ሎክ» በሚለው ቃል ያስሯቸው፤ የጽሑፉን መዘግየትም «ኦፍሴት» ላይ ይሙሉ።

ልክ 18 ሰከንድ የቀደመ ሰዓት ካዩ ብዙ አይድከሙ። ከዩቲሲ (ከዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) ይልቅ የጂፒኤስን ሰዓት መርጠዋል። ጂፒኤስ ዩቲሲ ላይ አልፎ አልፎ የሚጨመረውን ተጨማሪ ሰከንድ አያስገባም፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩነቱ 18 ነው።

ሰዓትን በእጅ መሙላት ሲመጣ የእኛ ሰው የራሱ ወጥመድ አለበት። ጠዋት 4 ሰዓት ማለት በዓለም አቀፍ አቆጣጠር 10:00፣ በዩቲሲ ደግሞ 7:00 ነው። እኔ አንዴ የእጅ ሰዓቴን አይቼ 4 ብዬ ጽፌ፣ ግማሽ ቀን ጥፋቱን አንቴናው ላይ ስፈልግ ውያለሁ።

አንድ ማሽን ላይ ሰዓት የሚያስተካክል ሁለት ፕሮግራም አያሂዱ። አንዱ ሲጎትት ሌላው ይገፋል።

በመጨረሻ፣ ሴቭ ማድረግ። ብዙ መሣሪያ ላይ የጻፉት ነገር ወዲያው ይሠራል፣ ግን በቋሚነት የሚቀመጠው በሌላ ትእዛዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሴቭ ካደረጉ በኋላ ሥራ በሌለበት ሰዓት ሆን ብለው ገመዱን ይንቀሉት። መልሰው ሲሰኩት ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ይጠይቁ። ውስጡ በሙቀት የሚሠራ ክሪስታል ካለው ግን እስኪሞቅ ይታገሡት፤ ገና ቀዝቃዛ እያለ የሚለኩት ልኬት ዋጋ የለውም።