የ60 ኸርዝ ፍሎፒ ድራይቭ በ50 ኸርዝ መብራት

ለ60 ኸርዝ (የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚደጋገምበት ብዛት) የተሠራ አሮጌ ባለ 8 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭ (የኮምፒውተር ዲስክ ማንበቢያ) 50 ኸርዝ ላይ ሲሰካ ዲስክ አላነብ ይላል? ቮልቴጅ የሚቀንስ ትራንስፎርመር ብቻውን አያድነውም፤ ኸርዙን አይለውጥምና። የኤሲ ሞተሩ (በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚሠራው) ፍጥነት ኸርዙን ተከትሎ ይወርዳል። በደቂቃ 360 ዙር መዞር ያለበት ዲስክ 300 አካባቢ ይቀራል።

መላው ፑሊው ላይ ነው፤ ማለትም ዲስኩን የሚያዞረውን ቀበቶ የሚስበው፣ ሞተሩ ላይ ያለው ክብ መዘውር። መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ከዚያ የሞተሩን ፑሊ ዲያሜትሩ 1.2 እጥፍ በሆነ ቀይሩት፤ ቀበቶው ካጠረም አብሮ ይቀየር። ሞተሩ ቀስ ብሎ ቢዞርም ትልቁ ፑሊ በእያንዳንዱ ዙር ብዙ ቀበቶ ይስባል። ዲስኩ ወደ 360 ይመለሳል። በጣም ደስ የሚል መፍትሔ ነው፤ አንድም ሽቦ አይቆረጥም።

ዲስኩን የሚያዞረው ዲሲ ሞተር (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኤሌክትሪክ የሚሠራ) ከሆነ ግን ፑሊውን አትንኩ። የእሱ ፍጥነት ከኸርዙ ጋር አይገናኝም።