ዌብሳይትና ኢሜይል ሳይቋረጥ የዶት ኮም ዶሜይንን ወደ ሌላ ሬጅስትራር ማዛወር

ዝውውሩ ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ጣጣው ያለው ዲኤንኤስ (የዶሜይኑን ስም ከዌብሳይቱና ከኢሜይሉ ሰርቨር ጋር የሚያገናኘው ሥርዓት) ላይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ኔምሰርቨሮቹ (የዲኤንኤስ መረጃውን የያዙት ሰርቨሮች) የማን እንደሆኑ ይዩ። የአሮጌው ሬጅስትራር (ዶሜይኑ የተመዘገበበት ድርጅት) ከሆኑ ዶሜይኑ እንደወጣ ሊዘጋቸው ይችላል፤ ያኔ ዌብሳይቱም ኢሜይሉም አብረው ይቆማሉ።

መፍትሔው ኤ፣ ሲኔም፣ ኤምኤክስና ቲኤክስቲ (A፣ CNAME፣ MX፣ TXT) የሚባሉትን የዲኤንኤስ ሪከርዶች በሙሉ ገልብጦ ሌላ የዲኤንኤስ አገልግሎት ላይ ማስገባት ነው። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ቲኤክስቲ ነው። ኢሜይሉ በእርግጥ ከእርስዎ መሆኑን የሚያረጋግጡት ኤስፒኤፍና ዲኪም (SPF፣ DKIM) እዚያ ስላሉ፣ ከቀሩ ኢሜይልዎ የሄደ ይመስላል እንጂ ተቀባዩ ዘንድ ስፓም ውስጥ ይወድቃል። የዲኪም ቁልፍ ረጅም ስለሆነ በእጅ አይጻፉት፣ ኮፒ ያድርጉት፤ አንድ ፊደል ከጎደለ አይሠራም።

ዲኤንኤስሴክ (DNSSEC፣ የዲኤንኤስ መልስ እንዳልተጭበረበረ በፊርማ የሚያረጋግጠው) ከበራ አስቀድመው ከፊርማው ጋር የተያያዘውን የዲኤስ (DS) ሪከርድ ያጥፉና አንድ ቀን ይጠብቁ። ይህ ከተዘለለ ሳይቱ አንዱ ስልክ ላይ ይከፈታል፣ ሌላው ላይ እምቢ ይላል፤ ምክንያቱን መፈለግ ራስ ያዞራል። ከዚያ ኔምሰርቨሩን ወደ አዲሱ የዲኤንኤስ አገልግሎት ቀይረው 48 ሰዓት ይታገሡ።

አሁን ወደ ዝውውሩ። ዶሜይኑ ከተመዘገበ ወይም ከተዛወረ 60 ቀን ካልሞላው አይንቀሳቀስም። የባለቤቱን ስም ወይም ኢሜይል መቀየርም ብዙ ሬጅስትራሮች ዘንድ ሌላ 60 ቀን ያስቆልፋል። እኛ ዘንድ ሳይቱን የሠራው ልጅ በራሱ ስምና ኢሜይል መዝግቦት መገኘቱ የተለመደ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ማስተካከያውን ሳይነኩ በፊት መቆለፊያውን ማስቀረት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁ።

አሮጌው ሬጅስትራር ጋ የዝውውር ቁልፉን ከፍተው ሁኢዝ (የዶሜይን መረጃ መፈለጊያ) ላይ «ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» (clientTransferProhibited፣ ዝውውር ተከልክሏል) የሚለው መጥፋቱን ያረጋግጡ። የማዛወሪያ ኮዱን ከአሮጌው ይውሰዱና አዲሱ ሬጅስትራር ጋ አስገብተው ይክፈሉ። ኮዱ ፓስወርድ ማለት ነው፣ በቴሌግራም ግሩፕ አይላክም። «ኮዱ ልክ አይደለም» ከተባሉ ደግሞ ኮፒ ሲያደርጉ ከፊቱ ወይም ከኋላው ባዶ ቦታ አብሮ እንዳልገባ ይዩ።

ክፍያው በምዝገባው ላይ አንድ ዓመት ይጨምራል፣ ጠቅላላው ግን ከ10 ዓመት አያልፍም። አሮጌው ሬጅስትራር ዝም ካለ በ5 ቀን ውስጥ ያልፋል። እሱ በሚልከው ኢሜይል ላይ ያለው ሊንክ አንዳንዴ የሚያጸድቅ ሳይሆን የሚሰርዝ ነውና ሳያነቡ አይጫኑ።

የዶሜይኑ የምዝገባ ጊዜ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው አይጀምሩ። ካለፈበት በኋላ አድሰው በ45 ቀን ውስጥ ካዛወሩት የታደሰው ዓመት ሊቀር ይችላል።

ዶት ኢቲ የአገር ኮድ ስለሆነ ከላይ ባለው የዶት ኮም ደንብ አይገዛም።

ሆስቲንጉም (የዌብሳይቱ ፋይሎች የተቀመጡበት አገልግሎት) አሮጌው ድርጅት ጋ ከሆነ አካውንቱን አይዝጉ፤ የተዛወረው ስሙ ብቻ ነው፣ ፋይሎቹ እዚያው ናቸው።