የ500 ዓመት ብራና ላይ ያለን መዝሙር እንዴት እናዳምጥ?

ይህን የድሮ የእንግሊዝ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። አምስት ስድስት ድምፅ በአንዴ ይዘምራል፣ ሁሉም ግን የየራሱን ዜማ ይዞ ነው የሚሄደው። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው ይጀምራል። ብዙ ሰው ሁለት ደቂቃ ሞክሮ ያጠፋዋል። እኔ በጣም ስለምወደው፣ እባካችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩት።

መጀመሪያ ሙዚቃውን ሳትከፍቱ የመጽሐፉን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ። የኢተን የመዝሙር መጽሐፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1500 ገደማ በእንግሊዝ አገር ኢተን ኮሌጅ ለሚባለው ትምህርት ቤት መዘምራን የተጻፈ ነው። የገጹ ቁመት 60 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ መዘምራኑ በአንድ መጽሐፍ ዙሪያ ቆመው ስለሚያነቡ መተለቅ ነበረበት። አሁን ገጹን ልብ ብላችሁ እዩት። ድምፆቹ እንደ ዛሬ ኖታ አንዱ ከሌላው ሥር አልተደረደሩም። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ቦታ ተሰጥቶት ለብቻው ተጽፏል። ዘማሪው የሚከተለው የራሱን ድርሻ ብቻ ነው። ድምፆቹ ሲገናኙ ምን እንደሚመስሉ ገጹ አያሳይም፤ የሚገናኙት ጆሮ ውስጥ ነው። እኔን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የማረከኝ ይሄ ነው።

ቀጥሎ አንድ መዝሙር ብቻ ምረጡ። በመጽሐፉ ካሉት የዜማ ደራሲዎች አንዱ የሆነው የጆን ብራውን «ስታባት ማተር» ለመጀመር ጥሩ ነው። ስድስት ድምፅ አለው፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ዘ ሲክስቲንም ታሊስ ስኮላርስም የሚባሉት የእንግሊዝ የመዘምራን ቡድኖች ቀድተውታል። የላቲኑን ግጥም ከነትርጉሙ ፊት ለፊታችሁ አድርጉ። እመቤታችን ከመስቀሉ ሥር ቆማ ስታለቅስ የሚናገር ነው።

ከዚያ ኢርፎን አድርጉና የላይኛውን (ቀጭኑን) ድምፅ ብቻ ተከተሉ። ሌላው ቢያመልጣችሁ አትጨነቁ። ሁለት ወይም ሦስት ድምፅ ብቻ የሚዘምርበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጆሮ ያርፋል። ቀጥሎ ሁሉም በአንዴ ሲገባ ሰውነትን ይወርራል። «ክሩቺፊጄ» የሚለው ላይ ስትደርሱ ድምፁን ከፍ አድርጉት። የሕዝቡ «ስቀለው፣ ስቀለው» ነው። በሁለተኛው ቀን ያንኑ መዝሙር ከታችኛው (ከወፍራሙ) ድምፅ ጋር ስሙት። ሌላ መዝሙር ይመስላችኋል።

አልበም ስትመርጡ አብሮት ያለውን ማብራሪያም አንብቡ። መጽሐፉ 224 ቅጠል ነበረው፣ የቀረው 126 ነው። ከ93 መዝሙሮች 64 ተርፈዋል፣ እነሱም ሁሉም ሙሉ አይደሉም። ስለዚህ አንዳንዱ አልበም ላይ የጎደለውን ድምፅ የዘመናችን ባለሙያ ሞልቶታል። እንግሊዝ ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በተለየችበት በተሐድሶው ዘመን በአገሪቱ አብዛኛው የላቲን መዝሙር መጽሐፍ መጥፋቱን ሳስብ፣ ይህ ለእኛ መድረሱ ይገርመኛል።

ጆሯችሁ ሲለምድ እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ወዳለው የሮበርት ዊልኪንሰን የእመቤታችን መዝሙር፣ «ሳልቬ ሬጂና»፣ እለፉ። ዘጠኝ ድምፅ ነው። ብራናው ላይ እያንዳንዱ ድምፅ በአንድ የመላእክት ነገድ ተሰይሟል። ከዘጠኙ አንዱን ይዛችሁ እስከ መጨረሻው አብራችሁት ሂዱ።