ጓሮህ የሠራኸውን ወርክሾፕ እርጅና ከግብር እንዴት ትቀንሳለህ?

የኔ ወርክሾፕ ጅማ መንቲና ካለው ቤቴ ጓሮ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሊሾ። በርጩማና ቁምሳጥን እንሠራበታለን። ግንባታው ሲያልቅ የወጣውን ብር በሙሉ የዚያ ዓመት ወጪ ብዬ አስገባሁና ጉድ ሆንኩ። መርማሪው አንድ ጊዜ አይቶ ሰረዘብኝ። አልተሳሳተም፤ ሞኙ እኔ ነበርኩ። ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ነገር በአንድ ዓመት አይበላም፤ በየዓመቱ እየተቆረሰ ነው የሚቀነሰው። የእርጅና ቅናሽ የሚሉት ይሄንን ነው።

መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፤ የሂሳብ መዝገብ ይዘህ በትርፍህ ላይ ነው የምትከፍለው? ግብርህ በቁርጥ ወይም በዓመት ሽያጭህ ከሆነ እርጅና አይቀነስልህም፤ ተወው።

የማሰላው በፌዴራሉ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 እና በደንብ 410/2009 ነው። በግል ስምህ ጅማ ላይ የምትነግድ ከሆነ ግን ፋይልህ ኦሮሚያ ገቢዎች ጋ ስለሆነ ፎርሙን ከመሙላትህ በፊት ከክልሉ ሕግ ጋር አመሳክረው። ለግንባታ ምጣኔው በዓመት 5 በመቶ ነው፣ ያውም በቀጥተኛው ዘዴ ብቻ፣ ማለትም በየዓመቱ እኩል መጠን እየቀነስክ። 800,000 ብር የፈጀ ወርክሾፕ በዓመት 40,000 ይቀነስለታል ማለት ነው፣ ለ20 ዓመት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ፈተናው ያቺን 800,000 ማረጋገጥ ላይ ነው፣ በተለይ ቤትህና ሥራህ አንድ ግቢ ሲሆኑ። መሬት አያረጅም፤ ለቦታው የከፈልከውን አታስገባ። መኖሪያ ቤቱንም እንዲሁ። እኔ ካስመጣሁት 60 ኩንታል ሲሚንቶ 12ቱ የሄደው ለማድ ቤት ነበር፣ ደረሰኙ ግን አንድ ነው። ፎርማኑ ጋ ቁጭ ብለን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ከፋፍለን ጻፍን፣ እሱም ፈረመበት። እንዲህ ዓይነት ነገር ያኔውኑ ካልተጻፈ ከሁለት ዓመት በኋላ ማን ያስታውሰዋል? አሸዋና ድንጋይ ከመኪና ላይ ስትገዛ ደግሞ "ደረሰኝ የለንም" ይሉሃል። ያለ ደረሰኝ የወጣ ብር ቢያንገበግብህም ከስሌቱ ውጪ ነው ብለህ ቁጠረው፣ ወይም ትንሽ ጨምረህ ደረሰኝ ካለው ሰው ግዛ።

ቀጥሎ ቀኑ። የግብር ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ወርክሾፑን ሥራ ያስጀመርከው ጥር 1 ከሆነ የመጀመሪያው ዓመት ድርሻህ የስድስት ወር ብቻ ነው፤ 40,000ው 20,000 ይሆናል።

ሌላው ሰው የሚዘነጋው የግል አጠቃቀም ነው። አጎቴ ጆንያ ቡናውን "ለጊዜው" ብሎ ጥግ ላይ ደርድሮት ዓመት ሞላው፤ በሜትር ስለካው የክፍሉን ሩብ ይዟል። ለንግዱ የዋለው ሦስት አራተኛው ስለሆነ ከ40,000ው የምቀንሰው 30,000 ብቻ ነው። ለአጎቴ ይሄንን አስረድቼዋለሁ፣ ቡናው ግን እዚያው አለ።

ማሽኑን ከወርክሾፑ ግንባታ ጋር አታደባልቅ። መሰንጠቂያም ሆነ መላጊያ የራሱ ምጣኔ አለው፤ በቀጥተኛው 15 በመቶ፣ እየቀነሰ በሚሄደው ዘዴ ደግሞ 20 በመቶ። በ200,000 ብር የገዛኸው ማሽን በሁለተኛው ዘዴ መጀመሪያ 40,000 ይቀነስለታል፤ በሚቀጥለው ዓመት 20 በመቶው የሚሰላው ከቀሪው 160,000 ላይ ስለሆነ 32,000 ይሆናል። ኮምፒውተር ካለህ በቀጥተኛው 20፣ በሌላው 25 በመቶ ነው። አንዱን ከያዝክ በሱ ቀጥል፤ በየዓመቱ መቀያየር ጥያቄ ያስነሳብሃል።

ለእያንዳንዱ ንብረት በመዝገቡ ላይ አንድ መስመር ያዝ፤ ዋጋው፣ ሥራ የጀመረበት ቀን፣ የተቀነሰው፣ የቀረው። የጅማ ዝናብ ታውቀዋለህ፤ ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ ሦስት ቆርቆሮ ቀየርኩ። ያ ጥገና ነው፣ የዚያው ዓመት ወጪ። ከጎኑ አንድ ክፍል ብጨምር ግን ለሱ አዲስ መስመር ከፍቼ 5 በመቶዬን ከዜሮ እጀምራለሁ።